ስለ እንጉዳይ እርሻ፤ በመርካቶ ሠፈር በማኅበር እንዴት ሊጀመር እንደሚገባ

እርሻ በተባለ ጊዜ በብዙ ሰው ልቡና የሚታየው ሰፊ መሬት፣ ጥማድ በሬና የክረምት ዝናም ነው። ነገር ግን መሬት የጠበበበት፣ በሬ የማይቆምበት፣ ዝናሙም በቆርቆሮ ክዳን ላይ ወርዶ በቦይ የሚያልፍበት የከተማ ሠፈር ከእርሻ በረከት ፈጽሞ የተለየ አይደለም። ጥላ ባለበት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ሞፈርና ያለ ቀንበር፣ ከተዘራ በ5 ሳምንት ገደማ ለገበታ የሚደርስ ሰብል አለ፤ እርሱም እንጉዳይ ነው።

ይህን ሥራ በየክልሉና በየከተማው የተሾሙ አስተዳዳሪዎች፣ ቤትና ግቢ በእጃቸው ያለ ባለ ይዞታዎች፣ የወረዳ ሹማምንትም በየጊዜው ይጠየቁበታል። ሥራ የሌለው ወጣት ወይም ልጆቿን በጉልት የምታሳድግ እናት መጥታ «ቦታ ይሰጠን፤ ተባብረን እንሥራ» ስትል፣ መልሱ ከእነርሱ ይጠበቃል። ስለዚህ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ዋና ነገር ይህ ነው፤ የእንጉዳይ እርሻ የሚጸናው ወይም የሚወድቀው በቤቱ ማማር አይደለም። የሚጸናው ዘሩ ከወዴት እንደሚመጣና ሰብሉን ማን እንደሚገዛው ከቤቱ በፊት ሲታወቅ ነው። ይህን ሥርዓት ገልብጦ የጀመረ ሹም ቤት ይመርቃል እንጂ እንጉዳይ አያይም።

ስለ ሥፍራው

በአዲስ አበባ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ የተመሠረተ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱን ተራ ይዞ ገበያው ሰፍቷል፤ በርበሬው በበርበሬ ተራ፣ ሸማው በሸማ ተራ፣ ቆርቆሮው በቆርቆሮ ተራ፣ አሮጌው ብረትና እንጨት በምናለሽ ተራ ይገኛል። ታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሠፈር ጎን ለጎን ቆመው፣ ገዢና ሻጭ በመካከላቸው ሲመላለስ ይውላል።

በእንዲህ ያለ ሥፍራ ለአትክልት የሚሆን ባዶ መሬት መፈለግ ድካም ብቻ ነው። ለእንጉዳይ ግን ርዝመቱ 3 ሜትር ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ለመጀመሪያ ይበቃል። እንዲህ ያለ ክፍል በትምህርት ቤት ግቢ፣ በማኅበር መጋዘን ጓሮ፣ ወይም በአንድ ባለ ይዞታ ግቢ ሥራ ፈትቶ ሊገኝ ይችላል። መሬት ከ1967 ዓ.ም. አዋጆች ወዲህ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ባለ ይዞታው ለማኅበሩ የሚሰጠው የቤቱንና የግቢውን አገልግሎት ነው። ስለዚህ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ለስንት ዓመት እንደ ሆነ፣ የውኃውንና የመብራቱን ዋጋ ማን እንደሚከፍል፣ ባለ ይዞታው ከሰብሉ ድርሻ ያለው እንደ ሆነም ስንት እንደ ሆነ ይጻፍ። ደግሞም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ብዙ የከተማዪቱ ሠፈሮች ስለ ታደሱ፣ ሥፍራው የሚነሣ እንዳይሆን ከወረዳው ሹም ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል። መደርደሪያውንም ከግድግዳ ጋራ ሳያጣብቁ ተነቃቃይ አድርጎ መሥራት ጥበብ ነው።

እንጉዳይ በኢትዮጵያ

እንጉዳይ ለኢትዮጵያ ምድር እንግዳ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ባሉት የደን አገሮች፣ ይልቁንም በመዠንግርና በካፋ ሕዝብ ዘንድ፣ በዝናም ወራት ከምስጥ ኩይሳ ላይ የሚወጣው እንጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ይበላል። ይህ ዓይነት ከምስጥ ጋራ ተስማምቶ የሚኖር በመሆኑ በሰው እጅ ሊዘራ አልተቻለም። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ግን ብዙው ሰው እንጉዳይን «የጅብ ጥላ» ብሎ በሩቁ ያልፈዋል፤ ልጆችም እንዳይነኩት ይከለከላሉ።

ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከዱር እንጉዳዮች መካከል መርዛቸው በመቀቀልም ሆነ በመጥበስ የማይጠፋ አሉ። የሚገድለው ዓይነት በተበላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ድረስ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል፤ ሕመምተኛው ጥቂት የተሻለው መስሎ ሳለም መርዙ ጉበቱን ያጠፋዋል። በልዩ ልዩ አገር ሰዎች «የብር ማንኪያ ካላጠቆረ፣ ትልም ከበላው ደኅና ነው» እያሉ የሚናገሩት ሁሉ ሐሰት ነው። ስለዚህ በማኅበር እርሻ አንድ ሕግ ያለ ማወላወል ይጠበቅ፤ ከታወቀ ዘር በቤት ከበቀለው በቀር ከሜዳ፣ ከደን ወይም ከአጥር ሥር የተለቀመ እንጉዳይ ወደ ሚዛኑ አይቅረብ። አንድ ሰው የዱር እንጉዳይ በልቶ ቢታመም፣ ከበላው የተረፈውን ይዞ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የጤንነት ምልክት ቢያይም እንኳ አይመለስ።

በሰው እጅ መዝራትን የተመለከትን እንደ ሆነ፣ ሥራው በሌሎች አገሮች የቆየ ነው። የቻይና ሰዎች ከ700 ዓመት በላይ አስቀድመው በተቆረጠ ግንድ ላይ እንጉዳይ ያበቅሉ ነበር። በፈረንሳይ በፓሪስ አጠገብ በፈረስ ፋንድያ ላይ የሚበቅለው ነጭ እንጉዳይ ድንጋይ ተፈልጦ በወጣባቸው ዋሻዎች ውስጥ በ19ኛው መቶ ዓመት በብዛት ተመረተ። እንደ ጆሮ የተዘረጋ ቅርጽ ያለውና በጭድ ላይ የሚበቅለው፣ ፈረንጆች የባሕር ዛጎል ስም የሰጡት «ኦይስተር» የተባለው እንጉዳይ ደግሞ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ምግብ በጠፋበት በጀርመን አገር መዘራት ጀመረ።

በኢትዮጵያም ይህ ጥበብ ያለ ሊቅ አልቀረም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተመራማሪ ዳዊት አባተ፣ ኦይስተር የተባለውን እንጉዳይ በአገር ሸክላ ዕቃ ማብቀል እንደሚቻል በፈረንጆች ዘመን በ1995 በታተመ ጽሑፍ አስረድተዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ስለ አዘራሩ መምሪያ መጽሐፍ በአዲስ አበባ አሳትመዋል። የሸክላው ነገር ለሹማምንት ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ሥራው በውድ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ አለመሆኑን ያሳያልና።

ለመጀመሪያ ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ኦይስተር ነው። ነጩ የፋንድያ እንጉዳይ ለሳምንታት የሚገለባበጥ ማዳበሪያና የአፈር ልባስ ስለሚፈልግ ለጀማሪ ይከብዳል። ኦይስተር ግን በጭድ ላይ ይበቅላል፤ የአዲስ አበባም ደጋ አየር ይስማማዋል።

ስለ ማደጊያው

እንጉዳይ ቅጠል የለውም፤ እንደ ጤፍና እንደ ባቄላ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን አይሠራም። የሚመገበው የደረቀ ተክል ነው፤ ነጭ ክሩን በጭድና በእንጨት ውስጥ ሰዶ ያንን እያፈረሰ ይበላል። ክሩ ምግቡን ሲጨርስና አየር ሲያገኝ፣ እኛ እንጉዳይ የምንለውን ፍሬ ያወጣል። ስለዚህ የሥራው መጀመሪያ ማደጊያውን ማግኘት ነው።

የጤፍ ጭድ፣ የስንዴና የገብስ ገለባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የጥጥ ፍሬ ቅርፊት፣ የቡና ገለባና ሰጋቱራ ሁሉ ለዚህ ይሆናሉ። ከጥድ እንጨት የወጣው ሰጋቱራ ግን ሙጫ ስላለበት ክሩን ያዘገየዋል። የተለቀመ የጫት ገረባ በመርካቶ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በእርሻው ላይ ምን መድኃኒት እንደ ተረጨበት ስለማይታወቅ፣ ለሚበላ ሰብል ማደጊያ እንዲሆን መፍቀድ አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «በመርካቶ የሚጣለውን ሁሉ በነጻ እንሰበስባለን» ተብሎ ይታቀዳል፤ ነገር ግን መርካቶን የሚያውቅ ሰው በዚያ ገበያ በነጻ የሚጣል ነገር ጥቂት መሆኑን ያውቃል። ካርቶኑን ቆራሌው ይገዛዋል፤ ብረቱ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል፤ ጭዱ ለከብት ቀለብና ለጭቃ ምርግ ይፈለጋል። እንግዲህ ጭድ ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን አምኖ በሒሳብ ውስጥ ማግባት ያስፈልጋል። ከእንጨት ሥራ ቤቶች የሚወጣውን ሰጋቱራና ከእህል መጋዘን የሚጠረገውን ገለባ በወር ስንት ጆንያ እንደሚገኝና በስንት ብር እንደሆነ ሁለት ሦስት ባለ ሱቅ ጠይቆ መጻፍ ይቀድማል።

ይህ ሲባል ሥራው ለከተማዪቱ ጽዳት አይጠቅምም ማለት አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ሥፍራ፣ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አንድ የእንጉዳይ ቤት ያንን ክምር አያጎድለውም፤ ነገር ግን ገለባና ሰጋቱራ ከመጣል ይልቅ አንድ ጊዜ ምግብ ሰጥቶ፣ ከዚያም ፍግ ሆኖ ወደ አትክልት ሥር ቢመለስ መልካም ነው። እንጉዳይ ያበቀለ ጭድ ፈርሶ ስለሚለሰልስ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ፍግ ይሆናልና።

የ10 ከረጢት መጀመሪያ

ማናቸውም ማኅበር በ10 ከረጢት ይጀምር። እያንዳንዱ ከረጢት ከራሰ በኋላ 5 ኪሎ ቢመዝን፣ ጠቅላላው 50 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ከ100 እጅ 65 እጁ ውኃ ስለ ሆነ፣ የሚያስፈልገው ደረቅ ጭድ 17 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ዘሩ ከራሰው ጭድ ክብደት ከ100 እጅ ከ3 እስከ 5 እጅ ስለ ሆነ፣ 2 ኪሎ ዘር ይበቃል። ሥራው መልካም ከሆነ የሚሰበሰበው ትኩስ እንጉዳይ ከደረቁ ጭድ ክብደት ግማሽ እስከ ሙሉ ድረስ ነው፤ ይኸውም ከ9 እስከ 17 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚያስወራ ሰው ቢመጣ ምስክሩን እንዲያሳይ ይጠየቅ።

የአሠራሩም ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ጭዱ ሁለት ሦስት ጣት በሚያህል ርዝመት ይቆረጣል፤ ሻጋታ የጀመረው ወይም ዝናም የመታው ይጣላል። ከዚያም በጆንያ ሆኖ በበርሜል ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ውኃውም ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሞቆ ለ2 ሰዓት ያህል በዚያው ሙቀት ይቆያል። ሙቀቱን በግምት ሳይሆን በቴርሞሜትር መለካት ይገባል፤ ያነሰ እንደ ሆነ የሻጋታ ዘር ሳይሞት ይቀራልና። ከዚህ በኋላ ጭዱ ወጥቶ በንጹሕ ወንፊት ወይም በተጋደመ ሽቦ ላይ ይንጠፈጠፋል። እፍኝ ጭድ ተጨብጦ ሲጨመቅ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ቢያወጣ ልክ ነው፤ ውኃው ቢፈስ ገና ነው።

ጭዱ ለእጅ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዘር አይነካው፤ ትኩስ ጭድ ዘሩን ይገድለዋል። የሚዘሩት ሰዎች እጃቸውን በሳሙና ታጥበው በአልኮል ያብሱ፤ በርና መስኮት ይዘጋ፤ በዚያ ሰዓት መጥረግና አቧራ ማስነሣት ክልክል ይሁን። በከረጢቱ ውስጥ አንድ ረድፍ ጭድ፣ አንድ እፍኝ ዘር እየተደረገ በደንብ ተጠቅጥቆ ይሞላል፤ አፉም ይታሰራል፤ በዙሪያውም በንጹሕ ሚስማር ቀዳዳዎች ይደረጋሉ። በየከረጢቱ ላይ የተዘራበት ቀንና የዘሪው ስም ይጻፍ፤ ጥፋት በመጣ ጊዜ ምክንያቱ የሚገኘው ከዚህ ጽሑፍ ነው።

ከተዘራ በኋላ ከረጢቶቹ በጨለማ ክፍል ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ሙቀት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀመጣሉ። በአዲስ አበባ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፤ ስለዚህ ክፍሉን አጥብቆ መዝጋት ያስፈልጋል። በእነዚህ ሳምንታት ከረጢቱን መክፈትና መነካካት አይገባም። ነጩ ክር ጭዱን ሁሉ በሸፈነ ጊዜ ጨለማው ያበቃል። ያን ጊዜ ከረጢቱ በጎንና በጎን ይሰነጠቃል፤ ክፍሉም ጽሑፍ ሊነበብ የሚችልበት ያህል ብርሃን፣ ንጹሕ አየርና ብዙ እርጥበት ያገኛል። ውኃው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንደ ጤዛ ሆኖ በወለሉና በግድግዳው ላይ ይረጫል፤ በትናንሾቹ እንቡጦች ላይ በቀጥታ አይፈስስ።

እንጉዳዩ አንገቱ ረዝሞ ባርኔጣው ካነሰ፣ ይህ የአየር እጦት ምልክት ነው፤ መስኮት ይከፈት። ጠርዙ ከደረቀና ከተሰነጠቀ እርጥበት አንሶታል ማለት ነው። እንቡጡ ከታየ በ5ኛው ወይም በ7ኛው ቀን ጠርዙ ወደ ላይ ሳይገለበጥ በፊት መላው ዘለላ በእጅ ተጠምዝዞ ይነቀላል። ከዚያም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰብል ይመጣል። ከሦስተኛው በኋላ ከረጢቱ ወጥቶ ወደ ፍግ ጉድጓድ ይሄዳል፤ ክፍሉም ታጥቦ ጥቂት ቀን ባዶውን ያድራል።

ስለ ጥፋቱና ስለ ጥንቃቄው

የእንጉዳይ ጠላት ከሁሉ በፊት አረንጓዴ ሻጋታ ነው። በከረጢቱ ላይ አረንጓዴ ቦታ የታየ እንደ ሆነ በዚያው ክፍል ውስጥ ሳይከፈት ወዲያውኑ ወጥቶ ይራቅ። ከ10 ከረጢት 1 ወይም 2 ቢበላሽ ለጀማሪ የሚጠበቅ ነው፤ 5 ቢበላሽ ግን ሥራው ቆሞ ውኃው በቂ ሞቆ እንደ ነበረ፣ ዘሩ ያረጀ እንደ ነበረ፣ እጅም የታጠበ እንደ ሆነ ይመርመር። ከዚህ ምርመራ በፊት ሌላ 10 ከረጢት መጨመር ገንዘብን ሁለት ጊዜ መቅበር ነው። ትናንሽ ጥቁር ዝንቦችም ሲመጡ በመስኮቱ ላይ ጠባብ ወንፊት ማድረግ ይበቃል፤ የተባይ መድኃኒት በሚበላው ላይ መርጨት አይፈቀድም።

ለሠራተኞቹም ጤንነት ማሰብ የሹሙ ግዴታ ነው። የጎለመሰ እንጉዳይ ደቃቅ ዱቄት ያወጣል፤ ያንን በየቀኑ የሚተነፍስ ሰው ሳልና የትንፋሽ ማጠር ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ሰብሉ ሳይረግብ ይነቀል፤ ሠራተኞችም አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ፤ አስም ያለበት ሰው ሌላ የሥራ ድርሻ ይሰጠው።

ሌላው እሳት ነው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት አጥፍቷል። ሱቅ ከሱቅ ተጣብቆ በቆመበት ሠፈር ደረቅ ጭድ መከመርና በአጠገቡ በርሜል ማሞቅ አደጋ ነው። ጭዱ ለአንድ ዙር የሚበቃው ያህል ብቻ ይምጣ፤ ማሞቂያው ከክምሩ ርቆ በግቢው ባዶ ቦታ ይሁን፤ በአጠገቡም ውኃና አሸዋ ይቀመጥ።

ስለ ዘሩና ስለ ገበያው

የእንጉዳይ ዘር የሚሠራው በተቀቀለ ማሽላ ወይም ስንዴ ላይ ነው። እህሉ በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ሙቀት ተቀቅሎ ከማናቸውም ሕይወት ያለው ነገር ከነጻ በኋላ፣ ንጹሑ ነጭ ክር ይገባበታል። ይህ ሥራ የቤተ ሙከራ ንጽሕና ይጠይቃል፤ ስለዚህ አዲስ ማኅበር በራሱ ዘር ሊሠራ አይሞክር፤ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከምርምር ተቋም ወይም በሥራው ከተመሰከረለት አምራች ይግዛ። ዘሩ ሲቀበሉት በመላው ነጭ ሆኖ ጥሩ የእንጉዳይ ሽታ ያለው፣ አረንጓዴና ጥቁር ነጥብ የሌለበት፣ ከታችም ውኃ ያልቋጠረ ሊሆን ይገባል። በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ እየቆየ ይደክማል፤ ስለዚህ ጭዱ ሳይዘጋጅ ዘር አይታዘዝ። ሹሙ ለማኅበሩ ሊያደርግለት ከሚችለው እርዳታ ሁሉ የሚበልጠው ይህን የዘር መንገድ አስተካክሎ በየወሩ ያለ መቋረጥ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ቤቱ ተሠርቶ ዘሩ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ክፍሉ በጥቂት ወራት ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል።

ገበያውም እንዲሁ ነው። ትኩስ ኦይስተር በሞቃት ቦታ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ መልኩን አይጠብቅም፤ በማቀዝቀዣ አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያል። እንደ ሽንብራ በጆንያ ይዞ ዋጋ እስኪወደድ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ከረጢቱ ገና ነጭ ሳይሆን ከ2 ሆቴልና ከ3 ምግብ ቤት ጋራ በሳምንት ስንት ኪሎ እንደሚወስዱ መነጋገር ያስፈልጋል። የተረፈው በንጹሕ መረብ ላይ ተዘርግቶ ሊደርቅ ይችላል፤ ነገር ግን 10 ኪሎ ትኩስ ሲደርቅ 1 ኪሎ ያህል ብቻ መሆኑ በዋጋው ይታሰብ።

የጾም ጊዜ ለዚህ ሰብል ታላቅ ገበያ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋና ወተት አይበሉም፤ በእነዚህ ቀኖች እንጉዳይ በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ ከበየዓይነቱ ጎን ይቀርባል። የእስልምና እምነት ተከታዮችም እንጉዳይን ለመብላት የሚከለክላቸው የለም፤ ስለዚህ በመርካቶ ያለ ገዢ ሁሉ ሊበላው ይችላል። እንግዲህ የሚዘራበትን ቀን ከጾሙ ወደ ኋላ መቁጠር ይገባል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባልና፣ የመጀመሪያው ሰብል ለዚያ እንዲደርስ እስከ ጥቅምት 10 ቀን ድረስ መዝራት ያስፈልጋል። ለዐቢይ ጾምና ለፍልሰታም እንዲሁ 5 ሳምንት ወደ ኋላ ይቆጠር።

ሻጩም ከእውነት አይለፍ። ከ100 ግራም ትኩስ እንጉዳይ 90 ግራም ያህሉ ውኃ ነው፤ ሥጋን ፈጽሞ ይተካል ማለት ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን ሲደርቅ ከክብደቱ ከ100 እጅ ከ15 እስከ 30 እጅ የሚሆነው ገንቢ ምግብ ስለ ሆነ፣ ከምስርና ከባቄላ ጋራ ለጾመኛ ገበታ መልካም ተጨማሪ ነው። የጅብ ጥላ ብሎ የሚፈራውንም ሰው በቃል ከመከራከር፣ ከታወቀ ዘር የበቀለ መሆኑን አሳይቶ በፊቱ ጠብሶ መብላት ይሻላል።

የሹማምንት ድርሻ

ሥራው በወረዳ ሲጀመር የሚቀርበው ዘገባ ብዙ ጊዜ ስንት ቤት እንደ ተሠራና ስንት ሰው እንደ ሠለጠነ ብቻ ይናገራል። ይህ የእርሻ ዘገባ አይደለም። ሹም የሚጠይቀው አምስት ቁጥር ይሁን፤ የተዘራው ከረጢት፣ የተበላሸው ከረጢት፣ የተሰበሰበው ኪሎ፣ የተሸጠው ኪሎና በእጅ የገባው ብር። የአንዱ ኪሎ ወጪ ሲታሰብም የጭዱ፣ የዘሩ፣ የማገዶው፣ የከረጢቱ፣ የውኃውና የሠራተኛው ዋጋ ተደምሮ ለተሰበሰበው ሳይሆን ለተሸጠው ኪሎ ይካፈል። ያልተሸጠ እንጉዳይ ድካም ነው እንጂ ገቢ አይደለምና።

አንድ ማኅበር በ3 ተከታታይ ዙር ከ10 ከረጢት 8ቱን አድኖ ሰብሉን ሁሉ ከሸጠ፣ ያን ጊዜ ወደ 50 ከረጢት ይለፍ፤ ካልሆነ በዚያው በ10 ይማር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ «የሌማት ትሩፋት» በተባለው መርሐ ግብር በከተማም በገጠርም ወተት፣ ዕንቁላል፣ ዶሮና ማር እንዲበዛ ሲደከም፣ እንጉዳይም ከነዚህ ጎን ለጎን ለጠባብ ግቢ የሚስማማ ሰብል መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን ብዛትን ከማዘዝ በፊት ጽናትን መፈለግ ይገባል።

በዚህ ሥራ የሚገቡት ሰዎች ብዙዎቹ የዕቁባቸውን ብርና የጉልታቸውን ትርፍ ይዘው የሚመጡ ናቸው። ከረጢታቸው አረንጓዴ ሆኖ በተጣለ ጊዜ የሚጠፋው ጭድ ብቻ አይደለም፤ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያና በሹም ላይ የነበራቸው እምነትም አብሮ ይጠፋል። ዘር ያለ መቋረጥ የሚያስመጣላቸው፣ ገዢን የሚያገናኛቸው፣ በጥቂቱ እንዲጀምሩ የሚመክራቸው አስተዳዳሪ ግን፣ ሦስት በሦስት በሆነች ክፍል ውስጥ ከብዙ ጋሻ መሬት የማይተናነስ በጎ ሥራ ሊሠራ ይችላል።